የሸህ ሙሄዲን እግር

ረሂማ ሃያ ዓመት ሙሉ የደከመችው ሕመም ከቆዳ ተነስቶ አንጎል የሚደርስበትን መንገድ ስታጠና ነው። በርበሬና እሳት ለምን አንድ ዓይነት እንደሚያቃጥሉ፣ ነርቭ ላይ ያለችው ኢምንት በር ለሁለቱም እንዴት እንደምትከፈት ብትጠየቅ ስታስረዳ ትውላለች። ግራና ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩትን አባቷን ግን ካየች ሁለት ዓመት አልፏታል።

ዛሬ የመጣችው የስኳር በሽታው እግራቸውን ሳያደነዝዘው አልቀረም ብሎ ጎረቤት ስለደወለላት ነው። ሸህ ሙሄዲንን ዓይናቸውን አስጨፍና መሬት ተቀመጠች። እግራቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ አውራ ጣታቸውን በቀጭን የናይለን ክር ነካ አደረገች።

«ተሰማዎት፣ አባ?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ተሰማኝ።»

መሀል እግራቸውን ነካች፤ ተሰማኝ አሉ። ተረከዛቸውንም እንዲሁ። ተረከዛቸው ላይ ግን ሚስማር ወግቷቸው ሳያውቁት የሰነበተ ቁስል አለ። ረሂማ ክሩን አስቀመጠችና ምንም ሳትነካ ጠየቀቻቸው።

«አሁንስ?»

«ተሰማኝ።»

«አባ፣ አሁን እኮ አልነካሁዎትም።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን አልገለጡም።

«አይሰማኝም ካልኩሽ እግሬን ለቀሽ ትነሻለሽ ብዬ ነው» አሏት።