ከነፋስ የሚታፈስ ማዳበሪያ

«ከነፋስ ማዳበሪያ አፋሽ ልጅ ወልዶ፣
ክረምቱ ሳይገባ ዋልልኝ ሄደ ማዶ።»

አልቃሿ የሺ ይህን ስታወርድ የድንኳኑ ሰው በሙሉ ደረቱን መታ። ጥሩነሽ ግን አንገቷን ደፋች። አባቷን ዋልልኝን በቀበረች ማግስት በወጉ እንዳታለቅስ የከለከላት ይኸው ሙገሳ ነበር። ከጉና ግርጌ ባለው በዚህ መንደር ያልሰማ የለም፤ አባቷ ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ሲያወሩ የከረሙት ይህንኑ ነው።

የአባቷ ባልንጀራ አያ ይታየው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። ማዳበሪያው ታዲያ መቼ ይደርሳል? ዋልልኝ ለዘንድሮ ክረምት ብሎን ነበር።»

«ቀበሌ አልተመዘገባችሁም እንዴ፣ አያ?»

«አንቺ እያለሽልን? ምዝገባው እንደሁ ዛሬ ገሳይ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ያበቃል።»

ጥሩነሽ ክው አለች።

ባለፈው ጥቅምት አባቷ ደብረ ታቦር፣ እሷ ከምትመራመርበት ዩኒቨርሲቲ መጥተው ነበር። ጣሪያው ላይ የተዘረጋውን የፀሐይ ኃይል ማመንጫ አሳየቻቸው። የፋብሪካ ጋዝና ጭስ ሳያስፈልግ፣ በፀሐይ ኤሌክትሪክ ብቻ ከአየርና ከውሃ የማዳበሪያን መሠረት አሞኒያን ለማውጣት እየሞከሩ እንደሆነ ነገረቻቸው። አባቷ አሞኒያ ያለበትን ጠርሙስ አሸተቱና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይህማ የበጎቻችን ጋጣ ሽታ ነው። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው?» ብለው ሳቁባት። ቀጥለው ግን ጠርሙሱን እያገላበጡ ደጋግመው አዩት። ገና ጠብታ እንደሆነ፣ ለገበሬ እስኪደርስ ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ ደጋግማ ነግራቸዋለች። እሳቸው የሰሙት የወደዱትን ነው። ማዳበሪያ ፍለጋ ሲንከራተቱ ያረጁ ሰው ነበሩ።

ወንድሟን ሞላን ከድንኳኑ ጀርባ ጠራችው።

«እውነቱን ልነግራቸው ነው።»

«አፈሩ ሳይደርቅ አባታችንን ቀጣፊ ልታደርጊያቸው? ሣልስታቸው ይለፍ።»

«ሣልስቱ ሲያልፍ ምዝገባውም አልፏል።»

«ሰው ድንኳናቸውን ጥሎ ቢሄድስ? ይህን ነውር ማን ይሸከማል?»

ብትናገር የአባቷ ስም፣ ዝም ብትል የሰው ማሳ። ሐዘንተኛ ናትና ተነሥታ ወደ ከተማዋ መሸሽ እንኳ አትችልም። ተመልሳ ሰው ፊት ቆመች።

«አባቴ የነገሯችሁ ሥራ አለ፤ ግን ገና ጠብታ ነው። ለዘንድሮ አይደርስም፣ ለከርሞም አይደርስም። እሳቸው የነገሯችሁ ተስፋቸውን ነው። ዛሬውኑ ሄዳችሁ ተመዝገቡ።»

ወንዶቹ ዱላቸውን እያነሡ ተከታትለው ወጡ፤ ገሳይ ሩቅ ነው፣ ቀኑም ገፍቷል። የሺም ነጠላዋን አጣፍታ ባሏን ልትልክ ሄደች። ሞላ ፊቱን አዞረባት። ድንኳኑ ባዶውን ሊቀር ሲል ጥሩነሽ አባቷን በገዛ እጇ ዳግመኛ የቀበረች መሰላት።

በመጨረሻ አያ ይታየው ተነሡ። ጋቢያቸውን አወለቁና በዚያ ብርድ በእጀ ጠባብ ብቻ ቀርተው፣ ተቀምጠውበት በነበረው አግዳሚ ላይ አኖሩት።

«ቦታዬን ጠብቂልኝ። ተመዝግቤ እመለሳለሁ፤ ዋልልኝን ብቻውን አልተወውም።»

ያልወጣላት እንባ ያን ጊዜ ወረደ። ወደ ጋቢው ተጠጋችና መሬት የነካውን ጫፉን አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረችው።