ከምሳ በፊት ቁልፍ አይዞርም

አባቴ በሁለት ሕግ አሳደገኝ። የተዋስሽውን መፍቻ ጠርገሽ መልሺ፤ ከምሳ በፊት ቁልፍ አይዞርም። የመጀመሪያውን እስከ ዛሬ አክብሬዋለሁ። በሁለተኛው አባቴን አታለልኩበት።

ሕጉ እንዲህ ነው። ሞተር ፈትቶ የገጠመ ሰው በዚያው ትኩሳት ቁልፍ አያዞርም። እጁን ይታጠባል፣ ምሳውን ይበላል፣ ግማሽ ሰዓት ጋደም ይላል። ከዚያ ተመልሶ የገዛ ሥራውን የሰው ሥራ አስመስሎ አንድ ጊዜ ያየዋል፤ ሞተሩ የሚነሳው ያኔ ነው። ጋራዥ ሳለ አንድ ባልደረባው ተጣድፎ ሲያስነሳ፣ ሞተሩ ላይ የረሳት ካቻቢቴ ተስፈንጥራ ሁለት ጥርሱን አርግፋበታለች። አባዬ ይህን ሲያወራ እንባው እስኪመጣ ይስቃል፤ ሕጉን ግን አንድ ቀን አላፈረሰም።

መኪናዋ ቁንጫ ትባላለች። ሁለት በር፣ ክብ ክብ መብራት፣ ዕድሜዋ ከእኔ በዘጠኝ ዓመት የሚበልጥ። ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት፣ ነፍሷን ይማርና፤ ከኋላ ስትቀመጥ ጉልበቷ አገጯን ይነካ ነበር። የምትቆመው ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ስር ነው። አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከእሷ ጋር የሚያሳልፈውን ያህል ከእኔ ጋር አላሳለፈም። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው።

ጋራዥ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሠራ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ጆሮው» ነበር የሚሉት። መኪናው ገና በሩ ላይ ሳይደርስ፣ ከአግዳሚው ሳይነሳ «ሦስተኛው ካንዴላ አይሠራም» ይላል። ተፈትቶ ሲታይ ሦስተኛው ነው።

ዓይኑ ግን ከዳው። ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ እሱን ውጭ አስቀምጣ ለእኔ ነገረችኝ። ነርቩ ደርቋል፣ ቀዶ ጥገና አይመልሰውም፣ ጠብታው የቀረችውን ለማቆየት ያህል ነው፣ መንዳት ግን ከዛሬ ጀምሮ ማቆም አለበት። «እኔ ልንገራቸው ወይስ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ?» አለችኝ። እኔ እነግረዋለሁ አልኩ። ወጣሁና «ጠብታውን ሳታቋርጥ ከተጠቀምክ ደህና ነህ አለች» አልኩት። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ለማላውቀው ሰው መራራ መድኃኒት ስሰጥ «ይመራል» እላለሁ። ለአባቴ ግን ዋሸሁ።

ከአንድ ወር በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አባዬ የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ አሻንጉሊት በቁንጫ ገጨ። ልብስ ሰፊው ሱቁ በር ላይ የሚያቆማት የልብስ ማሳያ ናት፤ የልጅ ቁመት ያላት፣ የተማሪ ዩኒፎርም የለበሰች። ከአባዬ ጎን ተቀምጬ ነበር። እኔ ከሃያ እርምጃ ላይ አይቻታለሁ። እሱ የቆመው ድምፁን ሲሰማ ነው።

ልብስ ሰፊው ወጥቶ «አያስቡ፣ አሮጌ ናት፣ ልቀይራት ስል ነበር» ብሎ ሳቀ። አባዬም «መንገድ ላይ ማን አቁማት አለህ» ብሎ አብሮ ሳቀ። እኔ ወርጄ ከጎማው ስር ስጎትታት ሰማያዊዋ ቀሚስ ተቀድዳለች፤ አንድ ትንሽ የፕላስቲክ እጅ ተነቅሎ መሬት ቀርቷል። ያን እጅ እንደያዝኩ፣ እዚያው ቆሜ፣ እውነቱን ልነግረው ይገባኝ ነበር። እጁን ለልብስ ሰፊው ሰጥቼ ተመልሼ ገባሁ።

ሰኞ የጥፍር ቀለሜን አወጣሁ።

የእኔ ቀለም የሌለው ዓይነት ነው፤ ያብለጨልጫል እንጂ አይታይም። ፑንቲና የምትባል ዕቃ አለች፤ ሁለት ትንንሽ የብረት ከንፈሮች፣ ሞተሩ ሲዞር እየገጠሙና እየተላቀቁ ካንዴላዎቹ እሳት እንዲያገኙ የሚያደርጉ። በመካከላቸው የጥፍር ቀለም ከገባ እሳት የለም። ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። መኪናዋ አትነሳም፤ ሁለት ሦስት ቀን ይታገላል፣ ይሰለቸዋል፣ «በቃ አርጅታለች» ይላል፣ ያልፋል። ማንም ሳይከፋ፣ ክፉ ቃል ሳይወጣ። አባቴ ከሞተር ሸሽቶ እንደማያውቅ የማላውቅ ይመስል።

ማክሰኞ ጠዋት ፑንቲናዋን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት አሻት። ቀለሙ ለቀቀ፤ ብልሽቱ እዚያው አለቀ። በዚያች ደቂቃ ቁልፉን ቢያዞር ትነሳ ነበር። ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እጁን ታጠበ፣ በላ፣ ጋደም አለ። የእኔ ፈረቃ የሚጀምረው ስምንት ሰዓት ነው። በእግሬ ጣት ወጥቼ የአንዷን ሽቦ ጫፍ ፈታሁ፣ ቀለም ቀባሁ፣ መልሼ አሰርኩ። አባዬ ተነስቶ ቁልፉን ሲያዞር እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ሞተሩ ተንቋቋ እንጂ አልተነሳም።

ረቡዕ ሽቦዋን አገኛት፤ ከምሳ በኋላ ሌላ ሽቦ አበላሸሁ። ሐሙስ እሷንም አገኛት። እያገኘ፣ እያሸነፈ፣ ማሸነፉን ሳያውቅ ምሳውን በልቶ ይተኛል፤ እኔ ተነስቼ ድሉን እሰርቀዋለሁ። ሕጉን ባያከብር ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይይዘኝ ነበር።

«ትናንት እሳቱ የጠፋው እዚህ ጋ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ እዚያ ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ ሽቦውን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ። «ብልሽት እኮ እግር የለውም ልጄ።»

«አሮጌ መኪና ናት አባዬ፣ ምን ታደርጋታለህ» አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ብልሽቱን ሲፈልግ ደግሞ የነካውን ሁሉ አሻሻለው። ካርቡራተሩን ፈትቶ በሳህን ቤንዚን አጠበው። ካንዴላዎቹን በአዲስ ቀየረ። የሚጮኹትን ማጠፊያዎች ዘይት አጠጣ፤ የተቀደደውን ወንበር በወፍራም መርፌ ራሱ ሰፋ፤ ያረጁትን ሽቦዎች አውጥቶ አዳዲስ ዘረጋ። ወልውሎ ወልውሎ ኮፈኗ ላይ ፊት ያሳይ ጀመር። ሰው ቆሞ ያያታል። ቁንጫ እንዲህ አምራ አታውቅም፤ ውስጡን ለቄስ እንጂ።

በሁለተኛው ሳምንት ማፏጨቱን ተወ። በፊት ሲሠራ ያፏጫል፤ ዜማ አይሉት ምን፣ እናቴን እስኪያማርራት ድረስ። ዝምታው መጀመሪያ የተሰማኝ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር፤ ቢላውን አስቀምጬ በመስኮት አየሁት። ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል፣ እጆቹን ግን ሞተሩ ውስጥ አላስገባም። እጆቹን ገልብጦ ገልብጦ ያያቸዋል። ዛሬ እተዋለሁ አልኩ። የፕላስቲኳ እጅ ትዝ አለችኝና ምሳ በልቶ ሲተኛ እንደ ልማዴ ወጣሁ።

ጎረቤታችን ባለታክሲ ነው። ቀርፋፋው ይሉታል፤ አነዳዱ እንዲህ ነውና፣ የቸኮለ ተሳፋሪ ወርዶ በእግሩ ይቀድመዋል። ሁልጊዜ መኪናው ስትታመምበት የሚያመጣት ወደ አባዬ ነው። በዚያው ሳምንት በራችን ላይ አቁሞ ገባ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይስሙልኝ። ማርሽ ስቀይር ኳ ትላለች።»

አባዬ ከወንበሩ አልተነሳም። «ጋራዥ ውሰዳት» አለው።

«ጋራዥ ያሉት የእርስዎ ተማሪዎች አይደሉ እንዴ? መምህሩ እያሉ ወደ ተማሪ ልሂድ?»

«ጋራዥ ውሰዳት አልኩህ እኮ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ አሁን አሁን የምሰማውን አላምነውም» አለ።

ቀርፋፋው ወደ እኔ ዞረ። እኔ የተሰጣውን ልብስ አየሁ።

ሲሄድ «መኪናው ሲመጣ ምንም አልሰማህም?» ብዬ ጠየቅኩት አባዬን።

«የጭስ ማውጫው ማሰሪያ የላላ መሰለኝ። ቁንጫንም ግን ፑንቲናው ነው ብዬ ነበር፤ ሽቦው ነው ብዬ ነበር።» ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «እንኳንም እናትሽ ይህን አላየች።»

ያን ቀን ሥራ ቦታ የአንድ ሰውዬ መድኃኒት ለሌላው ልሰጥ ለጥቂት ተረፍኩ። ሰውዬው «እመቤት፣ ይሄ የእኔ አይደለም» ባይለኝ ኖሮ። ያሰብኩት አባቴን ከመሪው ላይ ላነሳው ነበር። ያነሳሁት ግን ከገዛ ራሱ ላይ ነው። ይህን አውቄ ሳምንት ያህል ተጨማሪ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱን ብትጠይቁኝ አንድ ብቻ ነው የምመልሰው፤ ፈሪ ነኝ።

በሃያኛው ቀን ጠዋት ጓሮ ስወጣ አባዬ አሮጌ አንሶላ መሬት ላይ ዘርግቷል። መፍቻዎቹን በሙሉ ጠርጎ፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ በቁመታቸው ደርድሯቸዋል። ቀርፋፋው ፊት ለፊቱ ቆሞ ጭንቅላቱን ያካል።

«ጋሼ፣ እኔ እነዚህን ምን አደርጋቸዋለሁ? ጎማ መቀየር እንኳን በጸሎት ነው።»

«ትማራለህ። የማይሠራ እጅ ላይ ከሚዝጉ የሚሠራ እጅ ላይ ይዋሉ» አለ አባዬ። ቁጥራቸውን በአውራ ጣቱ እያነበበ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት እያለ ማቀበል ጀመረ።

«ቆይ ግን ያቺ ኳ የምትለው ነገር የጭስ ማውጫው ማሰሪያ ሆና ተገኘች» አለ ቀርፋፋው። «ተማሪዎችዎ ግማሽ ቀን ፈልገው ነው ያገኟት።»

አባዬ እንዳልሰማ ሆኖ አሥራ አራት ቁጥሩን ዘረጋለት።

«አባዬ፣ አትስጠው» አልኩ። «እኔ ነኝ። ቁንጫን የማበላሻት እኔ ነኝ።»

ቀርፋፋው የተቀበላቸውን መፍቻዎች አንሶላው ላይ መልሶ አስቀምጦ ወጣ። በፍጥነት ሲራመድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁሉንም ነገርኩት። ሐኪሟ ያለችውን፣ አሻንጉሊቷን፣ የጥፍር ቀለሙን፣ የምሳ ሰዓቱን። አላቋረጠኝም። ስጨርስ የጠየቀኝ መጀመሪያ ይህን ነበር።

«ማክሰኞ ፑንቲናው ነው ስል፣ ፑንቲናው ነበር?»

«ነበር።»

«ረቡዕስ ሽቦው?»

«ሽቦው ነበር። ሁሉንም አግኝተኸዋል አባዬ። አንድ ቀን አልሳትክም።»

አንሶላው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፤ ትንፋሹ ሲወጣ ይሰማል። ደስታ መስሎኝ ነበር። ቀና ሲል ዓይኖቹ ርሰዋል።

«ዓይኔ እንደሄደ አውቃለሁ» አለ። «የመፍቻ ቁጥር በጣቴ ማንበብ ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ፣ የሚነግረኝ ሐኪም አላስፈለገኝም። እኔ አእምሮዬ የሄደ መስሎኝ ነበር። ሃያ ቀን ሙሉ። ሌሊት እየተነሳሁ ስምሽን እጠራ ነበር፣ ለራሴ፤ ረስቼው እንደሆን ብዬ።»

ስሜን። ይቅር በለኝ አልኩት፤ ቃሉ አፌ ውስጥ አነሰብኝ።

«አትንዳ ብልህ ትተው ነበር?» አልኩት በመጨረሻ። ራሴን ነጻ ማውጣት ፈልጌ ነው፤ አልክድም።

አሰበበት። «አልተውም ነበር። እጣላሽ ነበር። ምናልባት አንድ ወር አላናግርሽም ነበር።» መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥናቸው መመለስ ጀመረ። «መጣላቱ ይሻል ነበር።»

ያን ቀን ምሳ የጠየቀ የለም። የቀባሁትን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ራሴ አነሳሁት፤ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የወረቀቱን ድምፅ ያዳምጣል፣ «ይበቃል» ሲለኝ አቆማለሁ። በማግሥቱ ቁልፉን ሰጠኝ። ሳልጠይቀው ከጎኔ ገብቶ ተቀመጠ። ቁንጫ በአንድ ዙር ተነሳች፤ እንዲህ ለስላሳ ሆና ሰምቻት አላውቅም። የሃያ ቀን እጁ ያለባት ናት። ሰፈሩን ለቀን ወጣን። አባዬ «ማርሽ»፣ «ቀስ»፣ «አሁን ነዳጅ ስጪያት» ይለኛል። ማፏጨት ሊጀምር ከንፈሩን ሲያሾል አየሁት መሰለኝ፤ ደስ አለኝ፤ አለፈ ብዬ አሰብኩ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ከሞተሩ ሲጥ፣ ሲጥ የሚል ድምፅ መጣ። አባዬ እጁን አነሳ። ዳር ይዤ አቆምኩ፣ ሞተሩ እየሠራ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ቀበቶው ነው። ላልቷል።» እርግጠኛ ነው፤ ጆሮው ተመልሶለታል። በሩን ግን አልከፈተም። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ቁጣ የለበትም፤ ደንበኛን «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ እንደሚጠይቅ ነበር የጠየቀኝ።

«የሷ ነው ያንቺ?»

«የሷ ነው አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። «አጥፊያት» አለኝና ወረደ። ኮፈኑን ከፍቶ ቀበቶውን ዳሰሰ፤ እንዳለውም ላልቷል። ከዚያ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ከቀበቶው ጋር ምንም የማያገናኛቸውን፣ እኔ ነክቻቸው የነበሩትን ሽቦዎች አንድ በአንድ እስከ ጫፋቸው ይዳብስ ጀመር። እስኪጨርስ ድረስ ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ ጠበቅኩት።