የካሕሱ ኮት

ዳናይት ፎቶ ማደስን ማንም አላስተማራትም። ወልዲያ ጎንደር በር ካለች አንዲት ፎቶ ቤት ተቀጥራ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ስትቆርጥ ከርማ፣ በስልኳ እያየች፣ እያበላሸች፣ እንደገና እየሠራች ራሷን በራሷ አስተማረች። ዛሬ ብል የበላው፣ ዝናብ የመታው፣ በጦርነቱ ጊዜ ጓሮ ተቀብሮ የወጣ ፎቶ ይዞ ከቆቦም ከመርሳም ወደ እሷ የሚመጣ አይጠፋም። ሕጓ አንድ ነው፤ የጠፋ ፊት አትፈጥርም። «የሌለ አፍንጫ አልተክልም፤ አፍንጫ የፈለገ እግዜርን ይጠይቅ» ትላለች። ምላሷን አገር ያውቀዋል።

ጣጣውን ያመጣባት ይኸው ሙያዋ ነው።

እጮኛዋ ያሬድ መርሳ ላይ መምህር ነው፤ ቤተሰቦቹ ግራና የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ሳለ፣ «ለአያቴ ስጦታ ይሁን፣ አድሽልኝ» ብሎ የአባባ ወርቁን አሮጌ ፎቶ አመጣላት። በ1939 ዓመተ ምሕረት የተነሳ ነው። አንድ ቆሞ የሚታይ ሰው፣ አንዲት የተቀመጠች ሴት፣ በእቅፏ ያለ ሕፃን። ሕፃኑ አባባ ወርቁ ናቸው። ሰውየው አባታቸው ደምሌ ነው፤ ልጁ ጥርስ ሳያበቅል በወባ የሞተ። ፊቱን ከጣሪያ የፈሰሰ ውሃ ወስዶታል። ኮቱ ግን ከነግርማው አለ።

ዳናይት ጥላሸቱን ስታነሳለት አንበሳ የተቀረጸበት የነሐስ ቁልፍ እስከ አንገት ድረስ ተደርድሮ ወጣ። በግራ ደረቱ በኩል ደግሞ አንዲት ክብ ጠባሳ። ዳናይት ሳቀች። ይህን ኮት ከነጠባሳው ታውቀዋለች! የአያቷ የአደይ ምሉእ ጓዳ ውስጥ፣ የቅድመ አያቷ የካሕሱ ፎቶ ላይ ያለው ኮት ነው። ካሕሱ ከትግራይ የመጣ የጨው ነጋዴ ነበር። አንድ መስፍን ከገዛ ትከሻቸው አውልቀው «ወንድ ማለት ካሕሱ!» ብለው አለበሱት፤ ጠባሳዋም ጥይት የነካው ቦታ ናት። አደይ ምሉእ ይህን ያልነገሩት እንግዳ ወልዲያ ውስጥ የለም። ያላዳረሱትን ደግሞ ዳናይት ፎቶ ቤት ቁጭ ብላ አዳርሳለች።

«ቅድመ አያቴ ለቅድመ አያትህ ኮት አውሶት ነበር» ብላ ያሬድ ላይ እንደምትኩራራ እያሰበች፣ ፎቶውን አትማ ለአያቷ ወሰደችላቸው።

አደይ ምሉእ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ቀና አላሉም።

«አባቴ ነው» አሉ።

«አይደለም አደይ፣ የያሬድ ቅድመ አያት ነው። ኮቱን ተውሶ…»

«አባቴ ያንን ኮት ለገዛ ወንድሙ አላዋሰም! ኮቱ ካለ አባቴ አለ።»

«ታዲያ ይቺ ሴትዮ ማናት?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እናቴ ባሏ ግራና እየወረደ የሚከርምበትን ምክንያት ስትፈልግ ኖራ ነው የሞተችው። ይኸው አገኘሁላት!»

ነገሩ እንደ ቀልድ አልቀረም። አባባ ወርቁ የካሕሱ ልጅ ከሆኑ፣ ዳናይትና ያሬድ በሦስተኛው ቤት ይገናኛሉ። ሰባት ቤት ሳይጠራ ማን ይዳራል? አደይ ምሉእ በማግስቱ ለጋብቻው ሽማግሌዎች አለቃ ለቄስ አማኒኤል ነገሯቸው። ቄስ አማኒኤልም፣ «እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል ማስረጃ ካልመጣ ሠርጉ ይፈርሳል» አሉ። ግራና ወሬው ሲደርስ አባባ ወርቁ እህል አልቀምስ አሉ። «ሰባ ዘጠኝ ዓመት ወርቁ ደምሌ ተብዬ ኖሬ፣ አሁን በስተርጅና ዲቃላ ልባል?»

ዳናይት አላለቀሰችም። አደይ ምሉእ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት፣ እንዳይነካ የተባለውን የካሕሱን ፎቶ ከፍሬሙ አወጣችው። ደሴ፣ በመስፍኑ ግቢ የተነሳ ነው ይባል ነበር። ጀርባው ላይ ግን ሐምራዊ ማኅተም አለ፦ «ዛኪር ፎቶግራፍ አንሺ፣ መርሳ»። ከሥሩ በእርሳስ፣ 97። የአባባ ወርቁን ገለበጠችው። ያው ማኅተም፣ 214።

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ይዛ በሲሪንቃ በኩል መርሳ ወረደች። ያሬድ መናኸሪያው ጠብቋት አብረው ወደ ዛኪር ልጅ ሱቅ ሄዱ። ዛኪር ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ጋሽ አብዱሰመድ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ አብዱሰመድ። የአባትዎ መዝገብ ይኖር ይሆን?»

«ወአለይኩም ሰላም። የትኛውን? አባቴ እንኳን ሰው፣ ያነሳትን ዶሮም የሚመዘግብ ሰው ነበር» አሉና ከመደርደሪያው ሥር አንድ የጣውላ ሣጥን ጎተቱ።

የ1939ኙ ደብተር ጠርዙን አይጥ በልታዋለች፤ ጽሕፈቱ ግን ደህና ነው። ዳናይት በጣቷ እየተከተለች ወረደች። «97። ካሕሱ፣ የጨው ነጋዴ፣ ከወልዲያ። ከነኮት።» ገለጠች። «214። ደምሌ አበጋዝ፣ ከግራና፣ ከሚስቱና ከልጁ ከወርቁ ጋር። ከነኮት።»

«‹ከነኮት› ምንድን ነው?» አለች፤ ድምጿ ግን መልሱን ያወቀ ሰው ድምፅ ነበር።

ጋሽ አብዱሰመድ ሳቃቸው ሱቁን ሞላው። ከሣጥኑ አንድ እፍኝ ፎቶ ዘርግፈው ባንኮኒው ላይ ደረደሩላት። ጥምጣም ያሰሩ ሼህ፣ በዚያ ኮት። አንድ ቄስ፣ በዚያ ኮት። እጅጌው ጣቱን የዋጠበት ሙሽራ፣ በዚያው ኮት!

«ወላሂ ይህ ኮት የሐብሩን ወረዳ ግማሽ አልብሷል! አባቴ ጣልያን የወጣ ጊዜ ደሴ ገበያ ነው የገዛው። ጋቢ ለብሶ የመጣ ሁሉ ‹እንደ ሹም አርገህ አንሳኝ› ይለዋል።»

«ጠባሳውስ? ጥይት አይደለም?»

«የምን ጥይት? ካውያ ነው ልጄ። እናቴ ስትተኩሰው ፍም ወደቀባት።»

ያሬድ ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው። ውጭ ሲወጡ፣ «የደምሌን ገጽ ብቻ እናሳያቸው» አላት። «የአደይን አባት ለምን እናነሳለን?»

«ከዚያስ? አያቴ ‹አባቴ ኮቱን አላዋሰም› ብለው ምለዋል። ያንተ ቅድመ አያት ሌባ ሊባል ነዋ! ወይ ኮቱን አጣለሁ፣ ወይ አንተን።»

«ምን ወሰንሽ ታዲያ?»

«ኮቱ ያምር ነበር» አለችው።

የገብርኤል ዋዜማ ሽማግሌዎቹ ወልዲያ፣ አደይ ምሉእ ቤት ተሰበሰቡ። ጋሽ አብዱሰመድ ደብተራቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ራሳቸው ይዘውት መጡ። አባባ ወርቁ በር አጠገብ፣ ገና የቤት ሰው ያልሆነ እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። ዳናይት ቆማ ሁለቱንም ገጽ አነበበች፤ ሼሁንም ቄሱንም ሙሽራውንም አሳየች። አንዲት ቃል አላስቀረችም።

ሁሉም ዓይኑን አደይ ምሉእ ላይ ጣለ።

«እንግዲህ አባቴ ኮት አልነበረውም ነው የምትዪኝ።»

«ጋቢ ነበራቸው አደይ። ከአፋር በረሃ ድረስ በእግራቸው ጨው አምጥተው ይህን ቤት የሠሩት በጋቢ ነው። መስፍን አልረዳቸውም። ለኔ ይኼኛው ይበልጥብኛል።»

«ጥይቱስ?»

«ካውያ ነው።»

ቄስ አማኒኤል በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አደይ ምሉእ ረዘም አድርገው ተነፈሱና ወደ በሩ ዞሩ።

«አንቱ ሰውዬ። ወንድሜ አይደሉም ማለት ነው።»

«አይደለሁም እመቤቴ።»

«እሰይ! ጆሮዎ የኛን ቤት አይመስልም ብዬ ነበር።»

ሳቁ ቤቱን አናጋው። አባባ ወርቁ ግን አልሳቁም፤ ተነስተው ወደ ደብተሩ ቀረቡ። ፊደል አልቆጠሩም።

«የቱ ጋ ነው ደምሌ የሚለው?»

ዳናይት ጣታቸውን ይዛ አስቀመጠችላቸው። ሽማግሌው ጣታቸውን ሳያነሱ ቆዩ። «ከልጁ ከወርቁ ጋር ይላል አላልሽም?»

«ይላል አባባ። እዚህች ጋ።»

«በይ ድገሚልኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችላቸው። ከዚያ ወደ በሩ አልመለሷቸውም፤ ወደ ላይ፣ ከቄስ አማኒኤል ጎን አስቀመጧቸው፤ እህልም ቀረበላቸው።

የቀረው ቆጠራው ነበር። ቄስ አማኒኤል ከግራና ጀመሩ፤ ወርቁ፣ ደምሌ፣ አበጋዝ እያሉ ሰባተኛው ላይ ደረሱ። ከወልዲያው ወገን አደይ ምሉእ ካሕሱ ብለው ተነሱ። አንድም ስም ከአንድ አልገጠመ።

«ተመስገን፣ ሰባቱ ጠርቷል። ሠርጉ እንደተቆረጠ ይሁን» አሉ ቄሱ፣ ሊነሱ መቋሚያቸውን እያነሱ።

«ወዴት ነው?» አሉ አደይ ምሉእ። «የናንተው ሰባት ላይ ቢያልቅ የኔ አላለቀም። እስከ አሥራ አንድ አውቃለሁ፤ እነዚህ ደግሞ የራሳቸው ናቸው፣ ከማንም አልተዋሷቸውም። ቁጭ በሉ!»

ሽማግሌዎቹ ቁጭ አሉ። ወጡ ቀዘቀዘ። ዳናይት ወረቀት ፈልጋ መጻፍ ጀመረች፤ ዘጠነኛው ላይ፣ ያለ ማንም ኮት አገር ያወቀው ጎበዝ ቀዳሽ የነበረ አንድ አያት ወጣ።