ሊኑክስ ስም ሲጠይቅ

ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ በመጣው ክረምት፣ የላሊበላዋ አስጎብኚ ፅናት የቤት ኮምፒውተሯ በቫይረስ ተበላሸባት። አንድ እንግዳ ትቶላት የሄደውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን የሊኑክስ ሲዲ አስገባች፤ ቋንቋ ምረጪ ሲላት አማርኛን መረጠች። ማሽን ፊደል መቁጠሩ ገረማት። ቀጥሎ ሙሉ ስሟን ጠየቃት፤ ከሥሩም የይለፍ ቃል።

በላስታ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ የአደባባይ ነው። የክርስትናው ግን ለቄስ ብቻ ይነገራል፤ ከእናት ስም ጋር ክፉ እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል ይባላል። ፅናት በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነገር እንደ ንስሐ አባት ምስጢር የሚጠብቅ መስሏት «ወለተ ሩፋኤል» ብላ ጻፈች። የተቆለፈ ሣጥን የውስጡን ክዳኑ ላይ ይጽፋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

በማግስቱ ደብተራ ከፋለ መጡ። በአጥር ወሰን የከሰሷት ጎረቤቷ ናቸው፤ ደጇን ከረገጡ ዓመት አልፏቸዋል።

«አዲስ ነገር አስገባሽ አሉ፤ እስቲ አሳዪኝ» አሏት።

ትልቅ ሰው እምቢ አይባልምና ማሽኑን አስነሳችው። ስክሪኑ በራ። የይለፍ ቃሉን ገና ሳይጠይቅ፣ መሐል ላይ በትልልቅ ፊደል «ወለተ ሩፋኤል» የሚል ወጣ። በመዳፏ ልትሸፍነው ተንጠራራች፤ ግን ዘገየች።

ደብተራው ስለ ሊኑክስ አንድም ነገር አልጠየቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ፤ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና በለሰለሰ ድምፅ፣

«እናትሽስ» አሏት፣ «የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?»