የእጅ ተማሪዎች

ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ለሹመት የበቃችው ልጆችን በመለየት ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ገና ክፍል ውስጥ እያስተማረች ሳለ፣ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዳ ተመለሰችና ተማሪዎቿን በመጠይቅ ሦስት ቦታ መደበቻቸው፤ በዓይን የሚማሩ፣ በጆሮ የሚማሩ፣ በእጅ የሚማሩ ብላ። ለዓይኖቹ መጽሐፍና ሥዕል፣ ለጆሮዎቹ ተረትና ዜማ፣ ለእጆቹ ጭቃ፣ ካርቶንና መቀስ ተሰጣቸው። ክፍሉ ደመቀ፤ ወላጅ ወደደው፤ ከሌላ ትምህርት ቤት እንግዳ እየመጣ ይጎበኘው ጀመር። በዓመቱ አሠራሩ ለሁሉም ክፍል ተዳረሰና እሷም ምክትል ሆነች።

ከዚያ በኋላ በአንድ የመምህራን ስብሰባ ላይ አንዲት የአንጎል ተመራማሪ ንግግር አደረጉ። «ልጆች አንዱን መንገድ ከሌላው አብልጠው ሊወዱ ይችላሉ» አሉ። «በወደዱት መንገድ ብቻ ስላስተማርናቸው ግን የተሻለ እንደሚማሩ ጥናቱ አላሳየንም። ማንበብ የሚለመደው በማንበብ ነው። ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ የተማረውን ለማስታወስ ሲታገል፣ ያኔ ነው ነገሩ የሚጸናበት።»

ምክትሏ እያንዳንዷን ቃል ጻፈች። ፊቷ እንደ እሳት ሲነድ ይታወቃታል። አውቶቡስ ውስጥ፣ ነገ ለሁሉም እናገራለሁ ብላ ቆረጠች። በማግስቱ ግን ጎብኚዎች ነበሩ፤ ርዕሰ መምህሩም በሰው ፊት «የኛ ኩራት» ብለው አስተዋወቋት። ከዚያ ፈተና ደረሰ። ከዚያ እረፍት ሆነ። ማስታወሻውን ከመሳቢያዋ ሥር ከተተችው፤ ነገሩን በሆዷ ይዛ ዓመት አለፈ።

ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። የእህቷ ልጅ፣ ከመቅለሏና ከመፍጠኗ የተነሣ ሁሉም ድንቢጥ የሚላት፣ እዚያው ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ገብታለች። አንድ ቅዳሜ ምክትሏ ቀሚስ ልታሳጥር ሄደች። እህቷ ከንፈሯ መሀል መርፌዎች ነክሳ የአንዲት ደንበኛ ጨርቅ ላይ አጎንብሳለች።

«ድንቢጥ፣ ሴትዮዋ የተወችውን ወረቀት አንብቢልኝ። እጅጌው ምን ይሁን ነው ያለችው?»

ልጅቷ ከአዝራር ሣጥኑ ቀና አላለችም። «እኔ እጅ ነኝ እኮ፣ እማ። ማንበብ የዓይኖቹ ነው።»

እናትየው በኩራት ሳቀች። «ሰማሻት፣ እታለም? አንቺ ባታውቂላት ኖሮ በመጽሐፍ ሲያስጨንቋት ይኖሩ ነበር።»

ምክትሏ የደንበኛዋን ወረቀት አነሣች። «ቢሆንም ሞክሪ፣ የኔ ቆንጆ» ብላ ወረቀቱን አቀበለቻት። ሦስት መስመር ነው። ድንቢጥ «እ... እጅ...» ብላ ቆመች። የቀረውን ከራሷ ፈጥራ ሞላችው፤ «እጅጌው ረጅም ይሁን» አለች። ወረቀቱ የሚለው እጅጌው አጭር ይሁን ነው።

እህትየው መቀሱን አነሣች። «ቆይ! አትቁረጪው!» አለች ምክትሏ።

ድንቢጥን ክር እንድታመጣ ልከው ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ምክትሏ በቅጡ መቀመጥ እንኳ አቃታት። «ልጅሽ ማንበብ ያልቻለችው በእኔ ምክንያት ነው» አለች። «የለየኋቸው በስህተት ነው። እንዲህ የሚባል የእጅ ተማሪ የለም።»

እህትየው መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። «የሰው ልጅ አይሳሳትም አልልም። ሥልጠና ላይ ነገሩሽ፣ አመንሽ።» ጨርቁን አጣጠፈች። «እሺ፣ ስህተት መሆኑን መቼ ነው ያወቅሽው?»

መዋሸት ትችል ነበር። ሰሞኑን ብትላት ማን ያውቃል?

«አምና።»

«አምና? አምና አራተኛ ክፍል ነበረች። በየሳምንቱ እዚህ እየመጣሽ ስለ ጥናቷ ስጠይቅሽ ‹ጎበዝ ናት› ስትዪኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ለወንበርሽ ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

እህትየው ቀሚሱን መለሰችላት። «ሌላ ሰፊ ጋ ውሰጂው» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻላት ነበር።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዶቹ የሚመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እነሱ ይሂዱና ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን።»

«እኔም እንዲህ እያልኩ ነው ዓመት ያሳለፍኩት፣ ጋሼ» አለቻቸው። በዚያው ቀን መምህራኑን ሰብስባ ማስታወሻውን አነበበችላቸው። አንዳንዱ አፈረ፤ አንዳንዱ «እኔስ ብዬ ነበር» አለ፤ አንዲት ወጣት መምህርት አለቀሰች። ርዕሰ መምህሩ ምክትልነቱን ለሌላ ሰጥተው እሷን ወደ ክፍል መለሷት። አልተቃወመችም።

ድንቢጥን ለማስተማር ግን የእናትየው ፈቃድ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። በአራተኛው እህትየው ከስፌቷ ሳትነሣ «እኔ ዓይኔ እያየ ይሁን» አለች። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ እዚያው፣ በጨርቅ ክምሩ መሀል፣ ድንቢጥና አክስቷ ይቀመጣሉ። አምስት መስመር ያነባሉ፣ መጽሐፉን ይዘጋሉ፣ ድንቢጥ የያዘችውን ትናገራለች። ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ሳታይ ትጠየቃለች።

መጀመሪያ ልጅቷ መጽሐፉን ወረወረችው። «ሌሎቹ ልጆች ይህን ድሮ ጨርሰውታል! ደደብ መሆኔን ነው እንዴ ዛሬ ያወቅሽው?»

«አይደለሽም። ሳላስተምርሽ ነው የቀረሁት።»

«ታዲያ ለምን አላስተማርሽኝም?»

ለእህቷ የነገረችውን ለልጅቷም ነገረቻት፤ ሳትቀንስ። ድንቢጥ ጀርባዋን ሰጥታት ብዙ ተቀመጠች። በማግስቱ ግን ቀድማ መጽሐፉን ገልጣ ጠበቀቻት። በዓመቱ መጨረሻ አምስተኛን ወደቀች። ዘንድሮ ያንኑ ክፍል ትደግማለች፤ ቀስ ብላ ታነባለች፣ ስትሳሳት ራሷን ታርማለች።

ከድንቢጥ ሌላ እሷ ራሷ በእጅ ተማሪነት የመዘገበቻቸው ሃያ ሦስት ነበሩ። መምህርቷ ቤት ለቤት ዞረች። አንድ አባት በር ላይ አቁሞ ሰማትና «እና አሁን ምን ላድርግልሽ?» አላት። አንዲት እናት ቁጭ በይ ብላ ልጇን ጠራችላት። አሥራ አራቱ ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ይመጣሉ፤ አምስቱ አንፈልግም ብለዋል። አራቱ ቤት ለቅቀው የት እንደሄዱ የሚያውቅ አልተገኘም። እነሱን አሁንም ሰው ባገኘች ቁጥር ትጠይቃለች።