ቁረጠው ያለው ድምፅ

«እሱ ግን የታለ?» አሉ የሟች አጎት፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ።

ጥያቄው ሳሎኑን በሞላው ለቀስተኛ ሁሉ አፍ ላይ ነበር። ከጎረቤት በተሰበሰቡት ወንበሮች ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡት ሰዎች ሻዩን ረስተውት ብርጭቆው እጃቸው ላይ ቀዝቅዟል። ቴሌቪዥኑ ላይ፣ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ፣ አረንጓዴ ጋውን የለበሱ ሐኪሞችና ነርሶች አንዲት ሕፃን ከበው ጎንበስ ብለዋል። ከነሱ መሃል አፍና አፍንጫዋን የሸፈነችው ቀጭን ሴት አሁን ጥቁር ለብሳ በሩ አጠገብ የቆመችው የሟች ሚስት ናት። ሟቹ ደግሞ ይህን ሁሉ የቀረጸው ባለካሜራ ነው።

«ከካሜራው ኋላ ነው ያለው» አለች ሐኪሟ ሚስቱ።

አጎት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ስንት አገር ያየለትን ፊልም ሠርቶ አንዴ እንኳ ብቅ ሳይል መቅረቱ አልዋጥላቸው ብሏል። የሟች እናት ግን መስኮቱ ስር እንደተቀመጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ፊልሙን አላዩትም። ልጃቸው ከተቀበረ ወዲህ ምራታቸውን የሚያናግሯት እንደ ባዕድ ነው፤ ውሃ አቀብይኝ፣ በሩን ገርበብ አድርጊው፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ የሚያለቀልቁት ሴቶች ምክንያቱን ያውቃሉ። እሷ ትሪ ይዛ ስትገባ ወሬያቸው ቀጥ ቢልም፣ የሚባለውን አንድ ጊዜ ሳያውቁባት ሰምታዋለች። ያኔ ከጦርነቱ ከሌሎቹ ጋዜጠኞች ጋር ቢወጣ ኖሮ ሳንባው ተጎድቶ አይሞትም ነበር፤ እሷ ናት ያስቀረችው።

ትሪውን አስቀምጣ ወደ በረንዳው ወጣች፤ ወዲያው ያ ምድር ቤት ከነሽታው መጣባት።

በጦርነቱ የሆስፒታሉ ላይኛው ፎቅ ሲመታ ቀዶ ጥገናውን ወደ ታች፣ ቀድሞ አሮጌ አልጋና ፍራሽ ወደሚጣልበት መጋዘን አውርደውት ነበር። የቀሩት ሐኪሞች ቀዶ ጥገናውን የምትሠራው እሷና ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው፣ ሰመመን የሚሰጡት አዛውንት ብቻ ነበሩ። የሚመጣላቸው ወታደር አልነበረም። ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ፣ ዳቦ ተሰልፎ፣ ልጁን ፍለጋ ሮጦ የተመታ የሰፈር ሰው ነው።

በኋላ ባሏ የሆነው ባለካሜራ የመጣው ሽንኩርት በጫነ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው። ዶክመንተሪ እሠራለሁ አለ። የእግሩን ጫማ ሳያራግፍ ካሜራውን ሲያወጣ አይታ፣ ደም ማየት ይችል እንደሆነ ጠየቀችው። በካሜራ ውስጥ ሲሆን ምንም አይመስለኝም አላት። በዚያው ዕለት ከሰዓት ከነካሜራው ተዘረረ። ጋሼ እግሩን ወደ ላይ ይዘው «ቁስለኛ አንሷቸዋል ተብለህ ነው የተላክኸው?» ሲሉት ነርሶቹ ሁሉ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደነበር ያኔ ነው የታወቃት።

ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልወደቀም። ቃሬዛ መሸከም ለመደ፤ እጁን እስከ ክርኑ መታጠብ ለመደ። ሥራ ፋታ ሲሰጣቸው ደረጃው ላይ ተደርድረው ደረቅ ዳቦ ይቆረጥሙ ነበር። እሱ የጋሼን አረማመድ እያስመሰለ ሲንጎራደድ፣ ጋሼ ደግሞ የሱን አወዳደቅ ሲያስመስሉ፣ ከላይ የሚያጓራው ነገር ለጥቂት ጊዜ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል ነበር። ሰው እንዲያ ያለ ቦታ ይናፍቃል ወይ? እሷን ይናፍቃታል። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለሱ ብቻ መንገር አላስፈለጋትም ነበር።

አጎት ሲጠይቁ ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረችው ሕፃን ሆዷን በፍንጣሪ ተመትታ ነው የመጣችው። ሆዷ ተከፍቶ ሳለ ጄኔሬተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ። እሱ በባትሪ የሚሠራ መብራቱን ከካሜራው ነቅሎ፣ ካሜራውን መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ወርውሮ፣ መብራቱን ከራሷ በላይ ያዘላት። ስለዚህ በፊልሙ ላይ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ የሚታየው ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ ብቻ ነው፤ መቀስ አምጪ፣ ያዢልኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ የሚል የሷ ድምፅ ይሰማል። በኋላ ፊልሙን የሸለሙ ሰዎች ይህን ትልቅ ጥበብ ነው አሉለት። እሱ ደግሞ የተፈጠርኩት በሁለት እጅ ብቻ ስለሆነ ነው ብሎ አሳቃቸው።

ጋዜጠኞችን የሚያስወጣ መኪና ሲመጣ ሻንጣውን የሸከፈችለት እሷ ናት። ሂድ ብላ እስከ ደረጃው ሸኝታው ወደ ቁስለኞቿ ተመለሰች። ጥቂት ቆይቶ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ሲመለስ አየችው። ምክንያቱን አልጠየቀችውም፤ እጇ ሥራ ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሕንፃው ላያቸው ላይ ተናደ። በዚያ አቧራ ውስጥ ሕመምተኞቹን እያዘለ ሲያወጣ ዋለ። ሳሉ የዚያን ቀን ጀመረው፤ አልለቀቀውም። ከተጋቡ በኋላ ባሏ የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ የምታውቀው በሳሉ ነበር። አሁን ቤቱ ዝም ሲል ከየትኛውም ክፍል የሚመጣ ድምፅ የለም።

በማግስቱ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል አንድ ወፍራም ሰው ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ። የሟች ጓደኛ ነው፤ ፊልሞቹን ቆርጦ የሚቀጥልለት እሱ ስለነበር ሁሉም «መቀስ» ይለዋል። የቀብሩ ዕለትም፣ ፊልሙ የታየ ዕለትም ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። የአጎት ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶታል።

«ዶክተር» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሱ ድምፅ ባለበት ሁሉ ቁረጠው ይለኝ ነበር። ሰው ሐኪሞቹን ይይ፣ እኔ ምን አደርግለታለሁ እያለ። እኔም ቆረጥኩት። ግን አልጣልኩትም።»

ማየት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት። እሷ ወደ መስኮቱ ስር አየች። አማቷ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ «ይክፈተው» አሉ።

መቀስ ከቦርሳው ያወጣውን ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካ። መጀመሪያ የመጣው የሟች ሳቅ ነው፤ ምስሉ ላይ ባዶ ደረጃ ብቻ አለ። ከዚያ ነርሷን ባልዲውን ትንሽ ፈቀቅ አድርጊልኝ ብሎ ሲለምን፣ ከዚያ እየተሳሳተ ሲያንጎራጉር። ጤነኛ ድምፅ ነው፤ ሳል የለበትም። አጎት ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እናት ቀስ ብለው ፊታቸውን መለሱ።

ቀጥሎ ካሜራው ወለል ላይ የተቀመጠ ይመስላል፤ የሱ ጫማና አንድ ባልዲ ውሃ ይታያሉ። ስልክ እያናገረ ነው።

«አዎ እማ፣ ሆቴል ነኝ። ምግቡማ ከአንቺም ይሻላል። ኧረ ጦርነቱ ሩቅ ነው...» ድም የሚል ነገር አቋረጠው። ከጣሪያው የረገፈ አቧራ ባልዲው ላይ ሲያርፍ ታየ። «ምን? እሱማ በር ነው። ንፋስ ነው እማ፤ እዚህ ንፋስ አለ።» እናቱ የሚሉትን አዳመጠ። «ቆሜ አላይም። እረዳለሁ እንጂ። እሺ። እሺ እማ።»

ስልኩ ሲዘጋ የጋሼ ድምፅ መጣ። መኪናው ውጭ እየጠበቀ ነው፣ ምን ትጎለታለህ አሉት።

«መብራቱ የኔ ነው ጋሼ። ይዤው ብሄድ እናንተ በምን ልታዩ ነው? ትቼው ብሄድ ደግሞ አትመልሱልኝም።» ጋሼ ሲስቁ ተሰማ። እሱ አልሳቀም። «እናቴ፣ ሰው ትረዳለህ ወይስ ቆመህ ታያለህ አለችኝ። እረዳለሁ አልኳት። አሁን ብሄድ ምን ልበላት?»

ምስሉ እዚያ ላይ ቆመ። መቀስ ሊቀጥል እጁን ሰንዝሮ ተወው። ማጀት ውስጥ የነበሩት ሴቶች በሩ ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ አንዷም ወደ ሐኪሟ ማየት አልደፈረችም። ሐኪሟ ራሷ ይህን ሰምታ አታውቅም። እስካሁን ስለ እሷ ብሎ ቀርቶ ይሆናል ብላ በልቧ ትጠረጥር ነበርና፣ ሸክም ከላይዋ ሲወርድ ታወቃት። ሸክሙ ግን የት እንዳረፈ ወዲያው አየች። አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ ጉልበታቸው ላይ እየቋጠሩ ይፈቱ ነበር።

«በር አለመሆኑን አውቄያለሁ» አሉ እናት። «እሱም ማወቄን ያውቃል።»

ወደ ምራታቸው ዞር አሉ።

«ትረዳለህ ወይስ ታያለህ ያልኩት እንዲመጣልኝ ነው። ዝም ብዬ አያለሁ ቢለኝ፣ ታዲያ እዚያ ምን ታደርጋለህ፣ ና ወደ ቤትህ ልለው ነበር። እረዳለሁ አለኝ። እረዳለሁ ሲለኝ ምን እላለሁ?»

ሐኪሟ ሄዳ እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አይዞዎት አላለችም። መብራቱን እንዴት እንደያዘላት፣ ክንዱ ሲዝል በሌላው ክንዱ እንዴት እየደገፈ እንዳቆየው ነገረቻቸው። ብርሃኑ ልክ እንዲመጣላት ባዘዘችው ቁጥር ሳያጉረመርም ቀና ጎንበስ ይል እንደነበር ነገረቻቸው። ሕፃኗም እንደዳነች፣ አሁን ቁመቷ እንደ ሸምበቆ እንደተመዘዘ፣ እናቷ ቁጭ በይ ስትላት የማትሰማ ጉደኛ እንደሆነች ነገረቻቸው። አማቷ ከልባቸው ያዳምጡ ነበር። የልጅቷ ጠባሳ ይታይ እንደሆነ ጠየቁ። ትንሽ፣ አለች ሐኪሟ፤ በደንብ ነው የሰፋሁት። እናት ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን የምራታቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ።

«የበሩን ድገምልኝ» አሉት መቀስን።

መቀስ ወደ ኋላ መለሰው። ጫማውና ባልዲው እንደገና መጡ። እናት የምራታቸውን ትከሻ ተደግፈው ተነሡና ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። ምስሉን አላዩትም። ከጎኑ ድምፁ የሚወጣበትን ቀዳዳ በጣታቸው ፈልገው አገኙትና መዳፋቸውን አሳረፉበት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ንፋስ ነው እማ» አለ ልጃቸው።

ሐኪሟ ከወለሉ ላይ እጇን ዘርግታ ሪሞቱን አነሣችና ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገችላቸው።