የአለነ መስኮት

የመተማን በጋ ላላየ ሰው ምን ብዬ እንደማስረዳ እንጃ። ኮኪት ካለው ጋራዤ ደጅ፣ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ኮፈን ላይ ስድስት እንቁላል ጠብሼ በልቻለሁ፤ ሰባተኛው አረረብኝ። በዚያ ሙቀት ሰው ለመዋሸት እንኳ ጉልበት ያጣል። እኔ እንደምንም እችል ነበር።

ደምለው እባላለሁ። ከጎንደር እስከ ሱዳኗ ገላባት እጄ ያልገባበት ሞተር የለም። እማማ ባየሽ ግን በ1975 ነሐሴ ጋራዤ ድረስ የመጡት ለሞተር አልነበረም። ልጃቸው አለነ ዘምቶ ሰሜን ግንባር ላይ ወድቋል። ቀበሌ ጠርቶ አንዲት ወረቀት ሰጣቸው። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ ሸሚዙ እንኳ አልመጣም።

«አዲስ አበባ ባለ ቀለም የመስታወት መስኮት ሠርቻለሁ ስትል ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ቤተ ክርስቲያኑ በሴቶች በኩል አንድ መስኮት ገና ክፍት ነው። ለአለነ ሥራልኝ። የማለቅስበት ቦታ የለኝም።»

ጠላ ቤት ተቀምጬ «አርባ መስኮት ሠራሁ» ማለቴ እውነት ነው። አዲስ አበባ የሠራሁት ግን አንድ ሰውዬ የቤተ ክርስቲያን መስታወት ሲወለውል መሰላሉን መያዝ ነበር። ፊታቸውን አይቼ ይህን መናገር ከበደኝ። በሦስት ቀን አደርሳለሁ አልኋቸው፤ ሦስት ወር ፈጀ።

ቀዩን ከሞቱ መኪኖች የኋላ መብራት፣ ቢጫውን ከፍሬቻ፣ ሰማያዊውን ከመድኃኒት ጠርሙስ፣ አረንጓዴውን ከሱዳን ከሚመጣ ጠርሙስ አወጣሁ። ክር በናፍጣ ነክሬ ጠርሙሱ ላይ እጠመጥምና አቃጥዬ ውሃ ውስጥ ስከተው በክሩ ልክ ይሰነጠቃል። ከአምስቱ አራቱ እጄ ላይ ይፈርሱ ነበር።

ቄሰ ገበዙ አባ ገብረማርያም ጻድቅ ያልሆነ ሰው ብቻውን አይሣልም ብለው ከለከሉ። እኔም ቅዱስ ሚካኤልን በትልቁ አድርጌ አለነን ከእግሩ ሥር፣ እንደ ጥንት ሥዕል አሠሪዎች፣ ተንበርክኮ ሲማፀን ሠራሁት፤ የወታደር ልብሱን ከቡናማ ቢራ ጠርሙስ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደግሞ አብዮቱ የታለ አለ። ከላይ ቢጫ ኮከብ ጨመርሁ። ለሊቀ መንበሩ የአብዮቱ ናት፣ ለአባ የቤተልሔም ናት አልሁ። ሁለቱም ደስ አላቸው።

ሲሚንቶ ያለ ፈቃድ አይገኝም። ስለዚህ መስታወቱን እርስ በርስ ያያያዝሁት ከበረሃ በመጣ የዕጣን ሙጫ ነው፤ ከሰም ጋር አቅልጬ። ጋራዤ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው የገላባቷ መጂዳ ሥራውን አይታ አይታ፣ «ደምለው፣ ይሄ መጋቢት ሲመጣ ይፈሳል» አለችኝ። በዚህ ሙጫ አንቶኖቭ አውሮፕላን ብጠግን ካርቱም ደርሶ ይመለሳል አልኋት። ክረምት ነበር፤ ሙጫው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር።

ለኅዳር ሚካኤል ተሰቀለ። ከዚያ ወዲያ እማማ ባየሽ ቅዳሴ በገቡ ቁጥር ብርሃኑ የሚያርፍበት ይቆማሉ። ቡናማው ትከሻቸው ላይ ያርፋል፤ ፀሐይ ስትገፋ እሱም ፈቀቅ ይላል፤ እሳቸውም ተከትለው ፈቀቅ ይላሉ። በእድሜያቸው፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ። እያየሁ የሚደክመኝ እኔ ነበርሁ።

መጋቢት ገባ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ መስኮቱ ወረደ ብለው አስጠሩኝ። ሙጫው ግድግዳውን ይዞ ወርዷል። የሚካኤል ሰይፍ የመስኮቱ ደፍ ላይ ቀርቷል፤ አለነ ግን ከነጉልበቱ ወርዶ መሬት ላይ ተሰባብሯል። በመንገዴ የመሬት መንቀጥቀጥም አሻጥርም ምክንያት አድርጌ አዘጋጅቼ ነበር። የጠየቀኝ የለም።

እማማ ባየሽ መሬት ተቀምጠው ስብርባሪ ይለቅማሉ። ሰማያዊውን ትተው፣ ኮከቢቱን ትተው፣ ቡናማውንና ፊቱን ብቻ ነጠላቸው ላይ ይሰበስባሉ።

«እማማ፣ በሦስት ቀን እንደገና…» ብዬ ጀመርሁ።

«ተወው ልጄ። ደከመኝ» አሉ። «ቆሜ ብርሃን ስከተል ከረምሁ። አሁን ልቀመጥ።» ከዚያ ወደ አባ ዞሩ። «አባ፣ ልጄ መጥቶልኛል። ይቀበርልኝ።»

አባ ገብረማርያም ጎንበስ ብለው ነጠላውን አዩ። ለመስታወት ፍትሐት የለም አሉ። ኋላ፣ «ጸሎቱ ለስሙ ነው» ብለው ክርስትና ስሙን ጠየቁ፤ ወልደ ሚካኤል። እኔን ዶማ አምጣ አሉኝ።

ያንን ጉድጓድ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር የሰው ሁለት ቁመት ነበር እላለሁ። እስከ ጉልበቴ ነበር። ዋልካው አፈር ደርቆ ዶማ አይቀበልም፤ እጄም ዛለ። ከነነጠላው አወረድነው። ስናወርደው ተንሿሿ፤ ሙጫውም ገና ይሸት ነበር። እማማ ባየሽ አፈሩን በእጃቸው ደለደሉና ጎኑ ተቀመጡ።

በማግስቱ መስኮቱን በቆርቆሮ ዘጋሁት። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ በሴቶቹ በኩል ጨለመ። እማማ ባየሽ ውጭ፣ ከመቃብሩ ጎን ነበሩ፤ ተቀምጠው።